ውሃና የሲሊካ ገጽ፤ ከሊድስ እስከ ሚልፎርድ

ሲሊካ ጄል ከአዲስ ጫማ ካርቶን ወይም ከመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ በትንሽ ከረጢት ሆኖ የሚወጣው፣ እርጥበት የሚመጥ ነገር ነው። ለዚህ ጠባዩ ምክንያት የሆነው በገጹ ላይ ያለው የሃይድሮክሲል ቡድን ሲሆን፣ ይኸውም በእያንዳንዱ ካሬ ናኖሜትር ላይ አምስት ያህል ይገኛል። ኬሚስቶች ሲላኖል የሚሉት ይህ ቡድን የውሃን ሞለኪውል በሃይድሮጅን ትስስር ይይዛል፤ የተያዘውም ሞለኪውል በተራው ሌላውን ይስባል። የሲሊካ ገጽ እንዲህ ያለ ቡድን የለበሰ ነው የሚለውን ሐሳብ በጽሑፍ ካቀረቡት መካከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 ሆፍማንና ባልደረቦቹ ይገኙበታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን የሲሊካ የውሃ ፍቅር በ1941 ለትልቅ ሥራ ያዋሉት በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ፣ በሱፍ ኢንዱስትሪዎች የምርምር ማኅበር ይሠሩ የነበሩት አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ ናቸው። ዓላማቸው የሱፍ ፕሮቲን የተገነባባቸውን አሚኖ አሲዶች አንዱን ከሌላው መለየት ነበር። ቀደም ሲል ሁለት ፈሳሾችን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያንቀሳቅስ ውስብስብ መሣሪያ ሠርተው ብዙ ደክመውበታል። በኋላ ግን ሁለቱንም ማንቀሳቀስ እንደማያስፈልግ፣ አንደኛው ባለበት ቢቆም እንደሚበቃ ተገነዘቡ። ስለዚህ ሲሊካ ጄልን ውሃ አጠጥተው በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሞሉት፤ ብዙ ውሃ ጠጥቶም ዱቄቱ ደረቅ መስሎ ይታይ ነበር። በላዩ ክሎሮፎርም ሲያፈሱበት፣ ውሃውን የሚመርጠው ውሁድ ወደኋላ ሲቀር ክሎሮፎርሙን የሚመርጠው ቀድሞ ይወርዳል። ዓይን እንዲያየው ሲሉ ሜቲል ኦሬንጅ የተባለውን ቀለም ከውሃው ጋር ስለ ቀላቀሉ፣ አሲዶቹ በዐምዱ ላይ እንደ ቀይ ቀለበት ሆነው ሲወርዱ ይታዩ ነበር። በዚህ ሙከራ ሲሊካው ራሱ የሠራው ጥቂት ነው፤ ዋናው ሠራተኛ ተሸክሞት የነበረው ውሃ ነው። ሥራው በ1952 ለሁለቱ የኖቤልን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ፣ ዊንተን ፓትኖድ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስት የተገላቢጦሹን መንገድ ይዞ ነበር። በ1942 የተሰጠው ፓተንት እንደሚያስረዳው፣ የሜቲል ክሎሮሲሌን ተን የነካው ወረቀት፣ ጨርቅ ወይም መስታወት ውሃን የማይቀበል ይሆናል። ክሎሪኑ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሆኖ ይሄዳል፤ ሲሊኮኑ በኦክስጅን በኩል ከገጹ ጋር ይጣበቃል፤ ወደ ውጭ የሚመለከተው ሜቲል ብቻ ይቀራል። በጦርነቱ ጊዜም የራዲዮ ሸክላ መከላከያዎች እርጥበት ይዘው ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፉ በዚሁ ዘዴ ይታከሙ ነበር።

ሁለቱን መንገዶች ያገናኘው ራሱ ማርቲን ነው። እንደ ስብ ያሉ ነገሮች ከውሃ ጋር ስለማይስማሙ በሊድሱ ዐምድ ላይ ሳይያዙ ያልፋሉ። በ1950 ከሃዋርድ ጋር ሆኖ ኪሰልጉር የተባለውን፣ ከጥንት ደቃቅ አልጌዎች ቅሪት የሚገኘውን ሲሊካ (በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢም የሚገኝ ነው) በዳይሜቲል ዳይክሎሮሲሌን ተን አክሞ ፓራፊን ዘይት እንዲሸከም አደረገው። ዘይቱ ቆመ፤ ውሃ ያለበት ፈሳሽ ተንቀሳቀሰ። ከ12 እስከ 18 ካርቦን ያላቸው የስብ አሲዶችም ተለዩ። ሥርዓቱ ስለተገለበጠ «የተገለበጠ ፌዝ» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ቀረ።

ዘይት ግን ታጥቦ ይሄዳል። ስለሆነም በ1960ዎቹ መጨረሻ የዱፖንቱ ጃክ ከርክላንድና ሌሎችም ሰንሰለቱን ራሱን በኬሚካል ትስስር ከሲሊካው ጋር ማያያዝ ጀመሩ፤ በ1973 ደግሞ ዋተርስ የተባለው ኩባንያ 18 ካርቦን ያለው ሰንሰለት የለበሰ ዐምድ ለገበያ አቀረበ። (የኩባንያው ስም ከመሥራቹ ከጄምስ ዋተርስ የተወሰደ እንጂ ከውሃ ጋር ዝምድና የለውም።) እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ውሃ ጠል የተባለው ይህ ገጽ ውሃን ፈጽሞ አልተሰናበተም። በአንድ ካሬ ሜትር 8 ማይክሮሞል ያህል ሲላኖል ሲኖር፣ ትንሹ ትራይሜቲልሲሊል እንኳ ከ4 ብዙም የማይበልጠውን ብቻ ይይዛል። ሦስቱ ሜቲሎች እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው ለጎረቤት ቦታ ይነሳሉና፤ ግማሹ ሲላኖል ከሥር ተሸሽጎ ውሃን መጠበቁን ይቀጥላል።

የውሃው ጉዳይ ከባድ ጥያቄ ሆኖ የመጣው ግን ከዐምዱ መስፋፋት በኋላ ነው። ውሃ ወዳድ መድኃኒቶችን የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች ሜታኖሉን ቀንሰው በንጹሕ ውሃ መሥራት ጀመሩ። ዐምዱ ሲሠራ ውሎ ፓምፑ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደገና ሲነሣ፣ መድኃኒቱ ሳይያዝ ከባዶ ፈሳሽ ጋር አብሮ ይወጣ ጀመር። ውጤቱን ያመነ መርማሪ ስለ አንድ የመድኃኒት ምርት ጥራት የተሳሳተ ፍርድ ሊሰጥ ይችል ነበር። ለብዙ ዓመታት የተሰጠው ማብራሪያ ሰንሰለቶቹ ከውሃ ሸሽተው እርስ በርስ ተጣጥፈዋል የሚል ነበር፤ ነገሩም «የፌዝ መውደቅ» ተባለ። ማብራሪያው ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ፓምፑ ሲቆም ብቻ ለምን እንደሚከሰት አይመልስም።

በ2005 በማሳቹሴትስ በሚልፎርድ የዋተርስ ተመራማሪዎች የሆኑት ቶማስ ዋልተር፣ ፓሜላ አይራኔታና ሚሼል ካፓሬላ ያሳተሙት ጥናት ጥፋተኛው ሌላ መሆኑን አሳየ። የታጠፈ ሰንሰለት ሳይሆን፣ ከቀዳዳዎቹ የወጣ ውሃ ነው። ሒሳቡ ዋሽበርን በ1921 ካወጣው ቀመር ይገኛል። ውሃ 110 ዲግሪ በሆነ ማዕዘን የሚነካውን፣ የ10 ናኖሜትር ስፋት ያለውን ቀዳዳ ለመሙላት ወደ 100 አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊት ያሻል። ፓምፑ ሲሠራ ግፊቱ ውሃውን ከውስጥ ያቆየዋል፤ ሲቆም ግን ገጹ ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋል። እንደገና ሲነሣ በዐምዱ መግቢያ በኩል ያለው ግፊት ቢበቃ እንኳ፣ በመውጫው በኩል ያለው ከከባቢ አየር ግፊት ብዙም ስለማይበልጥ እዚያ ያሉት ቀዳዳዎች ባዶ ይቀራሉ። መድኃኒቱ የሚያዝበት ገጽ ከሞላ ጎደል በቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለሆነ፣ ውሃው ካልገባ መድኃኒቱም አይገባም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዐምዱ በቂ ሜታኖል ወይም አሴቶናይትራይል ባለው ፈሳሽ ሲታጠብ ቀዳዳዎቹ እንደገና ይረጥባሉ፤ በንጹሕ ውሃ የሚሠራም ሰው ግፊቱ ወደ ዜሮ እንዳይወርድ ይጠነቀቃል። አምራቾቹ ደግሞ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያላቸውን፣ ሰንሰለቱን አሳስተው ያለበሱትን፣ ወይም በሰንሰለቱ መካከል ውሃ ወዳድ ቡድን የሰኩበትን ሲሊካ አቅርበዋል። ሲሊካውን ውሃ እንዲሸሽ ለማድረግ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ከተሠራ በኋላ፣ ጥቂት የውሃ ፍቅር ተመልሶ ተሰጠው።