የሸካ ደን ባለቤት ማን ነበር?

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ፣ ከቴፒም ወደ ማሻ የሚጓዝ እንግዳ የደኑን ጥቅጥቅነት አይቶ «የሰው እጅ ያልነካው» ማለት ይቀናዋል። ይህ አባባል ቅን ቢመስልም በታሪክ ረገድ ስሕተት ነው። ደኑ ባለቤት ነበረው፤ ሕግም ነበረው።

የሸካቾ ሕዝብ ደኑን የሚያስተዳድረው «ኮቦ» በተባለ ሥርዓት ነበር። ኮቦ ወሰኑ በወንዝ ወይም በሸንተረር የተለየ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የደን ይዞታ ነው። በዛፎቹ ላይ ቀፎ የመስቀል መብት የባለቤቱ ብቻ ነው፤ ዛፉን የቆረጠ ማሩንም አብሮ ይቆርጣልና ደኑ ሌላ ዘበኛ አላስፈለገውም። በየወንዙ ዳርና በየምንጩ ዙሪያ ደግሞ የጎሳ መሪዎች ሥርዓት የሚፈጽሙባቸው፣ መጥረቢያ የማይነካቸው ሥፍራዎች ነበሩ። ኮቦ ገነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ማንጆ ተብለው የተገለሉት ወገኖች ከመብቱ ብዙ ድርሻ አልነበራቸውም። ውኃው የተጠበቀው ግን በዚህ ሥርዓት ነው። ጊሎ ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ይነሣል፤ ባሮም ከዚሁ የደን አገር ይመገባል። ሁለቱም ጋምቤላን አቋርጠው በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላሉ። ስለ ዓባይ ስንከራከር የማናነሣው ዓባይ ይህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነጻ ያወጣ ታላቅ ሕግ ነበር። ሆኖም በባለ ብዙ ጋሻው ባላባትና ቀፎ በሰቀለው የኮቦ ባለቤት መካከል ልዩነት አላየም። ደኑ የመንግሥት ሆነ፤ የመንግሥት የሆነውም ብዙ ጊዜ የማንም አልሆነም። በቴፒና በበበቃ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ተስፋፉ፤ በ1977ቱ ድርቅ የተጎዱ ወገኖቻችን በደቡብ ምዕራብ ሲሰፍሩም ውሳኔው የመጣው ከላይ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። በ2002 ዓ.ም. ለቴፒ ጎረቤት በሆነችው በጋምቤላ ክልል ጎደሬ ወረዳ 3,012 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ለአንድ የውጭ ሻይ አልሚ ኩባንያ ተሰጠ። ነዋሪዎቹ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ለፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አቤት አሉ። ለም ኢትዮጵያ የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር የመሠረቱት ፕሬዚዳንት አቤቱታውን ደገፉ፤ ውሉን ግን የርእሰ ብሔሩ ድጋፍ እንኳ አላስቆመውም።

ሌላው መንገድ በጎረቤት ከፋ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ገደማ በፋርም አፍሪካና በኤስ ኦ ኤስ ሳህል ድጋፍ በቦንጋ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪው ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ውል እንዲገባ አደረገ፦ ቡናውን፣ ማሩንና ቅመሙን ይሰበስባል፤ ደኑን ይጠብቃል። እንዲህ ባለው ሥራ ወሰን የሚለየው ከሽማግሌዎች ጋር በእግር እየተዞረ ነው። አዋጅ የሻረውን ድንበር ከነሱ በቀር ማን ያውቀዋል?

የከፋ ደን በ2002፣ የሸካም በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዘገቡ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ደነገገ። ኮቦን በስሙ አይጠራም። በ1967 ኮቦውን በሠላሳ ዓመቱ ያጣ ሰው ይህ አዋጅ ሲወጣ የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ነበር።