የጎን በር

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፣ የሌለው ለእሁድ ያቆየው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ስሟን አልጠራም፤ የምታውቋት ካላችሁም እባካችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጠሯት። አምና ፈተና ተፈትና ሃምሳ ከመቶ አልሞላላትም፤ ዘንድሮ በሪሚዲያል ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ስለ ዶርሙ፣ ስለ ካፌው ሽሮ፣ ስለ ብርዱ ካወራን በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ የሰፈር ሰው ሲጠይቀኝ ፍሬሽማን ነኝ እያልኩ ነው። እማዬም እንደዛ ነው የምትለው። ውሸታም ሆንን አይደል?» አለችኝ።

ስቄ ላልፈው ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አናደደኝ። እሷ አይደለችም ያናደደችኝ፣ ያሳፈራት ነገር ነው። እኔ ደግሞ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስናደድ ወደ ኋላ መሄድ ልማዴ ነው።

«በጓሮ በር ነው የገቡት» ይባላል ስለነዚህ ልጆች። በእኛ ቋንቋ የጓሮ በር ማለት ጉቦና ዘመድ ነው። ሪሚዲያል ግን በግልጽ ተጠርቶ፣ ተምሮ፣ እንደገና ተፈትኖ የሚታለፍበት ነው። ስለዚህ ሌላ ስም እስኪገኝ እኔ የጎን በር እለዋለሁ። ለመሆኑ ዋናው በር የምንለውስ ምን ይመስል ነበር?

የመጀመሪያው ከፍተኛ ትምህርት ተቋማችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በ1943 ሥራ ሲጀምር በካናዳዊው ጀስዊት ሉሲየን ማት የሚመራ፣ 33 ተማሪዎች የነበሩት የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር። ሠላሳ ሦስት! አሁን እኔ የማስተምርበት 9ኛ «ለ» ብቻውን 71 ተማሪ አለው። ያኔ አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ከወጣች ገና አሥር ዓመቷ ነው። ከጦርነቱ በፊት የተማረው ወጣት ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ እየተለቀመ ተገድሏል። ከነፃነት በኋላ ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ቀጥሎም የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ እንጂ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ የሚያማርጥበት ዘመን አልነበረም። ራሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ አልሆነም፤ ቻርተር ያገኘው በ1946፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተሰጠው በ1954 ነው። ዛሬ «የሁለት ዓመት ኮሌጅ» ሲባል አፍንጫችንን የምንነፋ ሰዎች ይቺን ልብ ብንል ጥሩ ነው። (አዎ፣ ይቺ ነገር እኔንም ትነካኛለች። እመጣባታለሁ።)

አሁን ደግሞ በጣም ወደምወደው ታሪክ። ዩኒቨርሲቲው ከተቋቋመ በኋላ አንድ ችግር ገጠመው። የአዲስ አበባና የጥቂት ትልልቅ ከተሞች ልጆች ይመጣሉ፣ ከጠቅላይ ግዛቶቹ ግን ጎበዝ የሚባለው ልጅ ሳይቀር ማትሪክ ላይ ይወድቃል። የልጁ ጭንቅላት አልነበረም ችግሩ። ያለበት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በወጉ የሚያስተምር መምህርም፣ ቤተ ሙከራም አልነበረውም። ታዲያ ምን ተደረገ? ስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ሥር በዕደ ማርያም የሚባል ላብራቶሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ አሥራ አንደኛን የጨረሱ ጎበዝ ልጆች ተመርጠው ይመጣሉ፣ አሥራ ሁለተኛን እዚያው ዩኒቨርሲቲው ጉያ ውስጥ ይማራሉ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዘልቃሉ፤ ሲመረቁ ደግሞ መምህር ሆነው ወደየሀገሩ ይወጣሉ።

እኔን ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማሩኝ ሽማግሌ በዚያ በኩል ያለፉ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ «አሥራ ሁለተኛን እዚያው አገሬ ብማር ኖሮ ማትሪክ ጥሎኝ፣ አሁን እናንተን ሳይሆን በሬ ነበር የምነዳው» ብለው አሳቁን። አሁን ሳስበው ጋሼ ራሳቸው የዘመናቸው ሪሚዲያል ነበሩ። ማንም ግን እንደዛ ብሎ አልጠራቸውም፤ «በዕደ ማርያም ነበርኩ» ሲሉ ደረታቸውን ነፍተው ነበር።

ልዩነት የለውም አልልም፣ አለው። በዕደ ማርያም ከላይ ያሉትን ነበር የሚለቅመው፣ ሪሚዲያል የሚጠራው መስመሩ ሥር የቀሩትን ነው። ሁለቱም የተከፈቱበት ምክንያት ግን አንድ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያልሰጠውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲሞላ።

ደርግ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1967 ተማሪውም መምህሩም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣና ዋናው በርም ለጊዜው ተዘጋ። ከንጉሡ ዘመን የመጣው የማታው ኤክስቴንሽን ቀን እየሠራ ለሚማር ሰው በዚያም ዘመን፣ ከዚያም በኋላ የጎን በር ሆኖ ኖሯል። በኢሕአዴግ ጊዜ ደግሞ በ1987 ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ትምህርት አቋርጠው በረሃ የወረዱ ታጋዮችና ከክልል የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች እዚያ ገብተው ዲግሪ ያዙ። ለሴቶችና «ታዳጊ» ለሚባሉት ክልሎች ልጆች ዝቅ ያለ ነጥብ መያዝም የዚያው ዘመን አሠራር ነው። በእነዚህ ሁሉ ገብተው ዛሬ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች አሉ። በየት በኩል እንደገቡ ሲጠየቁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በእኔ ጊዜ በሩ ወደ ታች ወርዶ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሞ ነበር። የአሁን ልጆች አታውቁትም፤ አሥረኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፣ ያለፈ መሰናዶ ይገባል፣ ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ ወይም መምህራን ኮሌጅ። በ1998 ተፈተንኩ። ሒሳብ ዲ ሆነብኝና መሰናዶ በጥቂት አመለጠኝ። መምህራን ኮሌጅ ገብቼ በአሥር ሲደመር ሦስት ዲፕሎማ ያዝኩ። የተመደብኩት ለአንደኛ ደረጃ ነበር፤ በኋላ ትምህርት ቤታችን ዘጠነኛና አሥረኛ ተጨመረለትና መምህር ሲጠፋ «አንተ ታሪክ ትወዳለህ» ተብዬ ወደ ላይ ተወሰድኩ። ክረምት ለመማር ሁለት ጊዜ አመለከትኩ። አንዴ ኮታ አልደረሰኝም፣ አንዴ እናቴ ታማብኝ ቀረሁ። ይኸው ዛሬም ፋይሌ ላይ ዲፕሎማ ነው የተጻፈው። ስንት ጊዜ ሰው «የት ነው የተመረቅከው?» ሲለኝ ወሬ እንደቀየርኩ አልነግራችሁም። ልጅቷን ውሸታም ለማለት አፌ ያልተከፈተው ለዚህ ነው።

ያን ጊዜ መሰናዶ የገቡት ጓደኞቼ ሁሉ ከእኔ ይበልጡ ነበር? አንዳንዶቹ አዎ። ግን መቁረጫ ነጥብ የሚባለው ነገር በየዓመቱ ይወጣ ይወርድ እንደነበር አትርሱ። ተቋማቱ ስንት ልጅ መቀበል ይችላሉ ተብሎ ነው የሚሰላው። በ1983 አዲስ አበባ፣ ዓለማያና አስመራ ብቻ ነበሩ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት፤ ኤርትራ ስትለይ ሁለት ቀሩ። አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። በ1984 ማትሪክ የወደቀው ልጅ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢወለድ ኖሮ በዚያው ውጤቱ ምናልባት ኢንጂነር ነበር።

ከዚያ 2014 መጣ። ፈተናው ይሰረቃል፣ ይኮረጃል ተብሎ (በ2008 አፈትልኮ መሰረዙን ታስታውሳላችሁ) ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ማለፊያውም ሃምሳ ከመቶ ሆነ። ጥር 2015 ውጤት ሲወጣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ያለፉት 29,909 ብቻ ሆኑ። 3.3 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። እኛ ያሳደግናቸው ልጆች ያሉበትም አንዱ ነው።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ምን እንዳልኩ የዚያን ዓመት ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ። «ሰነፍ ትውልድ» ብያችኋለሁ። ስልክና ቲክቶክ ላይ ሁሉ ሰብኬአችኋለሁ። ኮሮና ትምህርት ቤት ዘግቶባችሁ እንደነበር አላነሳሁም። ኬሚስትሪ ከዘጠነኛ እስከ አሥረኛ ያለ ቤተ ሙከራ መማራችሁንም አላነሳሁም። ለዘጠነኛ ክፍል በደረጃው ያልተመደበ፣ ዲፕሎማ ያለው ሰው ታሪክ እንዳስተማራችሁ ደግሞ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ሦስት ዓመት ዘግይቻለሁ።

ሪሚዲያል የተጀመረው ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ አልጋውም መምህሩም አላቸው፣ ያለፈው ልጅ ግን እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ ከመስመሩ ሥር ካሉት ከፍ ያለ ውጤት ያላቸው ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተጠርተው ጥቂት ወር ተምረው እንደገና እንዲፈተኑ ተደረገ። ሃምሳ ያመጣ ፍሬሽማን ይሆናል፣ ያላመጣ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ የብሔራዊ ፈተናው ማለፊያ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ነበር። እየተሻሻለ ነው፤ አሁንም ግን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው በዋናው በር አይገባም።

«ጥራት ይገድላል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼም ጭምር። አልንቃቸውም። አሥራ ሁለት ዓመት የጎደለ በጥቂት ወር አይሞላም፣ እውነት ነው። ግን ልጅቷ የጎደላትን እዚህ ትምህርት ቤት እየሞላሁ ያሳደግኳት ያህል እኔ ስለ ጥራት ልከራከርባት አልችልም።

ትናንት መልሼ ደወልኩላት። የጋሼን ታሪክ ነገርኳት፣ የበዕደ ማርያምን። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እሳቸው መጨረሻ ላይ አለፉ አይደል ቲቸር? እኔኮ ገና አላለፍኩም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምንም አልመለስኩላትም። ስለ ትምህርቱ ጠየቅኳት፤ ታሪኩም ጂኦግራፊውም ምንም አይልም፣ እንግሊዝኛውንም እየለመደችው ነው፣ ሒሳቡ ግን እንቅልፍ ነስቷታል። እኔ እንዳልረዳት ደግሞ የ1998 ዲዬን ነግሬአችኋለሁ።

በሪሚዲያል ያለፋችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ዝም ብላችሁ ነው። የሶሻል ሒሳብ ሞጁል፣ ወርክሺት፣ የቆየ ፈተና ያላችሁ ኢንቦክስ ላኩልኝ፤ ፎቶ ቢሆንም ችግር የለም፣ ብቻ የሚነበብ ይሁን። ማታ ማታ በስልክ ልታስረዳት የምትችል ልጅ ካለችም ስልኳን ትተውልኝ፣ ካርድ እኔ እሞላለሁ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።