ከጋን እስከ ሣጥን፦ የመጠጥ ጅምላ ንግድ በምዕራብ ጎጃም

ስለ አገር የመጠጥ ፍጆታ በየጊዜው የሚቀርበው አኃዝ በአብዛኛው የሚጠናቀረው ከፋብሪካ መዝገብና ከኤክሳይዝ ታክስ ሰነድ ነው። ስለሆነም አኃዙ የሚነግረን ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ጠጣ ሳይሆን፣ ከፋብሪካ በር ምን ያህል ሣጥን እንደ ወጣ ነው። ጉዳዩን ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገበያ፣ ወይም ዘልቆ ከገበዝ ማርያም ገጠር ሆኖ የሚመለከት ሰው ግን የሒሳቡ ጉድለት ወዲያው ይታየዋል። የሰንበቴው፣ የጽዋው፣ የደቦውና የተዝካሩ ጠላ ደረሰኝ የለውም፤ ከዳጉሳ የሚወጣው አረቄም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የገበያ ዕቅድ የምናወጣው በዚሁ ጎደሎ አኃዝ ላይ ተመሥርተን ነው።

ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እንደሚያምነው፣ በዚህ አካባቢ የመጠጥ ንግድ ታሪክ ከጣዕም ለውጥ ይልቅ የመያዣ ዕቃ ታሪክ ነው። መጠጡ በምን ተይዞ ይሄዳል? ባዶው ዕቃስ በምን ይመለሳል? ጅምላ ነጋዴ መኖር አለመኖሩን የወሰኑት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

ጠላን እንውሰድ። ጌሾው ከተጠነሰሰበት ዕለት አንሥቶ ብቅሉና ቂጣው ገብቶ እስኪደፈደፍ፣ ከዚያም ጋኑ በውሃ ተሞልቶ እስኪደርስ ያለው ሥራ ቀናትን የሚጠይቅ የሴቶች ድካም ነው። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ግን መጠጡ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይሆመጥጣል። ጋኑም ከጓዳው የሚነቃነቅ ዕቃ አይደለም። በዚህም ምክንያት ጠላ ከጠማቂዋ ደጃፍ እምብዛም ሳይርቅ ኖሯል፤ ጠማቂዋ ራሷ አምራች፣ ራሷ ቸርቻሪ ነበረች፤ በመካከል ጅምላ ነጋዴ የሚቆምበት ቦታ አልነበረም። ጅምላ የነበረው በመጠጡ ሳይሆን በጥሬ ዕቃው ነው፤ ይኸውም በጌሾው፣ በእህሉና በማሩ ነው። ቡሬ ከአባይ ማዶ ከወለጋ ጋር በሚያገናኘው የሲራራ መንገድ ላይ ያለች ገበያ እንደ መሆኗ የዚህ ዓይነቱን ንግድ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የጠጅ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። በቀድሞው ሥርዓት ማር የግብር ዓይነት ስለ ነበረ፣ ጠጅ በአመዛኙ የመኳንንት አዳራሽ መጠጥ ሆኖ ቆየ፤ ባላገሩ ማሩን አስገብቶ ጠላውን ይጠጣ ነበር። ጠጅ በብርሌ ተቀድቶ ለማንም ከፋይ መቅረብ የጀመረው ከተሞች ተስፋፍተው ጠጅ ቤቶች ሲበዙ ነው።

ቢራ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ለመጓዝ የተሠራ መጠጥ በመሆኑ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ሜታ አቦም በ1950ዎቹ በሰበታ ተከተለ። ሁለቱም ከአባይ በስተ ደቡብ ናቸው። ስለዚህ ወደ ጎጃም የሚላክ እያንዳንዱ ሣጥን የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ነበረበት፤ ባዶው ጠርሙስም በዚያው ቁልቁለትና ዳገት ተመልሶ ካልሄደ የሚቀጥለው ሙሉ ሣጥን አይገኝም። ነጋዴው ለአንድ መጠጥ የሁለት መንገድ ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚያ በማለፋቸው እንደ ሆነ ይነገራል። ከተማይቱ ስሟን ከመንገድ ማግኘቷ ለእኛ ሙያ የተስማማ አጋጣሚ ነው፤ የመጠጥ ነጋዴዋም ዕድል እስከ ዛሬ በመንገዱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።

በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ የቢራ ፋብሪካዎቹም አብረው ተወረሱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዋጋ ተተመነ፤ የግል ጅምላ ንግድ ተገደበ፤ ቢራም ከሚሸጥ ዕቃነት ይልቅ የሚደለደል ዕቃ ወደ መሆን አዘነበለ። ሐረር ቢራ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ለጎጃም ሩቅ ነበር። የገጠሩ ሰው ግን በዚህ ሁሉ አልተጠማም፤ ጋኑ ከጓዳው ነበር።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከሰሜን ነው። ዳሸን ቢራ ፋብሪካ በ1992 ዓ.ም. በጎንደር ሲመሠረት፣ የአባይን በረሃ ሳያቋርጥ ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚደርስ ቢራ ተገኘ። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር፣ ከጎንደር ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሁለቱ ፋብሪካዎች መካከል ማለት ይቻላል። ቀድሞ የመጨረሻ ጫፍ የነበረው ገበያ መገናኛ ሆነ። በ1990ዎቹ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እጅ ነበር፤ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. ሐረርንና በደሌን፣ ዲያጂዮ በ2004 ዓ.ም. ሜታን ገዙ፤ ሐበሻ ቢራም በ2007 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ወደ ገበያው ገባ። ከዚህ በኋላ የሆነውን የሙያ ባልደረቦቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የግድግዳው ቀለም እንኳ በቢራ ስም ተለየ። በሠርግ ድንኳን የጠላው እንስራ ወደ ጓሮ ተገፍቶ የቢራው ሣጥን በእንግዳው ፊት ተደረደረ። ወኪል አከፋፋይ ለመሆን ግን መኪናና መጋዘን ብቻ አይበቃም፤ በባዶ ጠርሙስና በሣጥን ላይ ብዙ ገንዘብ አስሮ መቀመጥን ይጠይቃል። ገንዘቡ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው የሠርግ ወራት በፍጥነት ይዞራል፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን በመጋዘን ውስጥ ይተኛል። ከሌላ አገር የመጡ የገበያ አማካሪዎች ለዚህ የጾም አቆጣጠር ተገቢውን ቦታ ሲሰጡት አላየሁም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አረቄ በዝምታ አደገ። ከገጠር መጠጦች መካከል ለጅምላ የሚመቸው እርሱ ብቻ ነው፤ አይሆመጥጥም፤ በትንሽ ዕቃ ብዙ ኃይል ይይዛል። አንድ ሣጥን ቢራ 24 ጠርሙስ ነው፤ በጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ 8 ሊትር ገደማ ይሆናል። የቢራው አልኮል 5 በመቶ ከሆነ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ንጹሕ አልኮል 0.4 ሊትር ብቻ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ ቢሞላበት ግን ንጹሕ አልኮሉ 8 ሊትር ይደርሳል። አንድ ጀሪካን ከ20 ሣጥን ቢራ ጋር ተመዛዘነ ማለት ነው። 20 ሣጥን ከነጠርሙሱ ወደ 3 ኩንታል ስለሚመዝን መኪና ይፈልጋል፤ ሁለት ጀሪካን ግን በአንድ አህያ ይጫናል። ዳጉሳና በቆሎ በሞላበት አገር፣ ማዳበሪያ ለመግዛትና ልጅ ለማስተማር ጥሬ ገንዘብ የምትሻ የገበሬ ሚስት ይህንን ስሌት ወረቀት ሳትይዝ ሠርታዋለች። ማገዶውና ጢሱ ግን በስሌቱ ውስጥ አልገቡም፤ የከፈለችውም እርሷው ናት።

መንግሥት ያወጣቸው ሕጎች የደረሱት በጠርሙሱ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ ከለከለ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ የኤክሳይዝ ታክሱን አሻሻለ። ክልከላው ለጤና የተደረገ እንደ መሆኑ አልነቅፈውም። ነገር ግን ማስታወቂያ ኖሮት የማያውቀውን፣ መለያ ወረቀት የሌለውን ጀሪካን አልነካውም። ታክሱ የቢራውን ዋጋ ባስወደደ ቁጥር አረቄው በንጽጽር ይረክሳል፤ በዓመቱ መጨረሻም «ፍጆታ ቀነሰ» የሚል አኃዝ ይወጣል። የጠማቂዋን ማሰሮ ቆጥሮ ግብር ለመጣል የሚያስብ ቢኖር፣ ጎጃም በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ምን እንዳደረገ አስቀድሞ ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት የዕቃው ጥያቄ እንደገና በግልጽ ታየ። አስፋልቱ ሲዘጋ ሙሉ ሣጥን አይመጣም፤ ባዶውም አይሄድም፤ አከፋፋዩ ያሰረው ገንዘብ በመጋዘኑ ጥግ ተደርድሮ አቧራ ይጠጣል። አህያዋ ግን አስፋልት አትሻም። ከገጠር በአቋራጭ የወረደው ጀሪካንም ወደ ፋብሪካ መመለስ አያስፈልገውም፤ አረቄው ካለቀ በኋላ ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል።