ሥራችንን ማን ነበር የሚመርጥልን?

ከጸባ ወይም ከሸሩት ሌኡሚ የወጣ ወጣት በሠርግም በተዝካርም የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እንግዲህ ምን ልትማር ነው?» መልሱን ብዙ ጊዜ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ይሰጡታል፤ እናቶቻችን ሐኪም ወይም ጠበቃ ይላሉ፣ ጓደኞቻችን ሃይ ቴክ ይላሉ። ከእኛ መካከል ለፕሲኮሜትሪ ኮርስ ገንዘብ ከፍሎ የገባ አለ፣ ባግሩቱን ለማሻሻል እንደገና የተቀመጠ አለ፣ ገና ያልወሰነም አለ። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ሥራ ምርጫ ጻፉ ስንባል ምክር ለመስጠት አልፈለግንም፤ ምክር ሰጪ እንደሆነ ሞልቷል። ይልቅ ጥያቄው ራሱ ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ሄደን ለማየት ሞከርን። አያቶቻችንን «ልጅ ሳሉ ምን መሆን ይመኙ ነበር?» ስንላቸው ብዙዎቹ ይስቃሉ። ጥያቄው ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም፤ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። ከ1414 እስከ 1429 አካባቢ በነገሠው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ቤተ እስራኤል በጦርነት ተሸነፉ፤ ከዚያ ወዲህ በትውፊት ሲነገር የኖረው፣ ክርስትና ያልተነሣ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መታወጁን ነው። ውጊያው በዚያ አላበቃም፤ በሰሜን ተራሮች እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ማለትም እስከ 1600ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቀጥሏል። መጨረሻው ግን የታወቀ ነው። ርስት የሌለው ሰው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ያርሳል፣ ወይም ደግሞ መሬት በማይጠይቅ ሥራ ይኖራል። አባቶቻችን ሁለቱንም አደረጉ። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ግንብ ገነቡ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። የእጅ ሥራው ሁልጊዜ የውርደት ሥራ አልነበረም። ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ጎንደርን መናገሻ ካደረገ በኋላ ለቤተ መንግሥቱና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ግንበኛና አናጢ በብዛት አስፈለገ። ከሠሩት መካከል የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መሬትና ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው የጎንደር ግንብ ላይ የእኛም ሰዎች ላብ አለበት ስንል ወሬ ለማሳመር አይደለም። ኋላ ግን ዘመነ መሳፍንት መጣ፤ ከ1769 እስከ 1855 ድረስ ነገሥታቱ ኃይል አጡ፣ ትልቅ ግንብ የሚያስገነባም ጠፋ። ግንበኛው ወደ መንደሩ ተመልሶ ማረሻና ማጭድ መቀጥቀጥ ቀጠለ። ያው እጅ ነው፣ ያው ችሎታ ነው፤ የተቀየረው አሠሪው ነው።

በገጠር የነበረው ኑሮ ግራ የሚያጋባ ነበር። ባለርስቱ ያለ ማረሻ አያርስም፣ ማረሻውን የሚሠራለት ደግሞ ያ «ቡዳ» የሚለው ሰው ነው። ቀን ከእርሱ ይገዛል፣ ማታ ደግሞ ጅብ ይሆናል ብሎ ይፈራዋል። ሚስቱ የምትጋግርበት ምጣድ፣ ውሃ የምትቀዳበት እንስራ፣ ቡና የምታፈላበት ጀበና ከእኛ ሴቶች እጅ የወጣ ነው። በሐቀኝነት እንነጋገር ከተባለ መራራቁ ከሁለቱም ወገን ነበር፤ የእኛም ሰዎች የንጽሕና ሕጋቸውን ለመጠበቅ «አትንኩኝ» ይሉ ነበር። ግን አንዱ መራራቅ ሃይማኖት ነው፣ ሌላው ሰውን በክፉ መንፈስ መክሰስ ነው። በዚህ ክስ ስንት ሰው እንደተጎዳ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል።

ቃሉም የሚገርም ነው። ቀጥቃጩን «ጠይብ» ይሉታል፣ ስድብ ነው። ቃሉ ግን «ጠቢብ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። በአማርኛ «ጥበብ» ስንል ዕውቀትም ነው፣ የእጅ ሥራም ነው፣ የሸማውም ጥለት ነው። ለባግሩት አማርኛ የተፈተንነው ልጆች እንኳ ይህን በክፍል ሳይሆን እርስ በርሳችን ስንጨቃጨቅ ነው ያገኘነው።

ታዲያ በዚያ ዘመን ልጅ ሥራውን እንዴት ይመርጥ ነበር? አይመርጥም። ወንዱ አባቱ ሲቀጠቅጥ ወናፉን እየነፋ ያድጋል፤ ሴቷ ከእናቷ ጋር ጭቃ እየረገጠች ትለምዳለች። ከዚህ የሚወጣ አንድ የትምህርት መንገድ ነበረ፣ እሱም ቅስና ነው፤ ከመነኩሴ ወይም ከቄስ ዘንድ ሄዶ ግእዝ አንብቦ፣ ኦሪትና ጸሎቱን አጥንቶ ዓመታት መቆየት። ያም ለጥቂቶች ነው።

«ትምህርት ቤት ገብተህ ሌላ ነገር ትሆናለህ» የሚለው ሐሳብ ከውጭ ነው የመጣው። ፖላንድ የተወለደው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ኢትዮጵያ ደረሰ፤ በ1905 ሲመለስ ሁለት ወጣቶች ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ፣ ታምራት አማኑኤልንና ጌጤ ኤርምያስን። ታምራትን ያገኘው አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። ወደ ፓሪስ ላከው፣ ከዚያም በፍሎረንስ የረቢዎች ኮሌጅ ተማረ። ፋይትሎቪች በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ 25 የሚሆኑ ልጆች ወደ አውሮፓና ወደ ምድረ እስራኤል ልኳል። ሁሉም ደህና አልሆኑም፤ በሰው አገር በሽታ የወሰዳቸው አሉ። ለሁሉም የተያዘላቸው ሕልም አንድ ዓይነት ነበር፦ ተምራችሁ ተመለሱ፣ መምህር ሁኑ፣ ወገናችሁን ከሚሲዮን አድኑ።

ጥሩ ሕልም ነው፤ ግን ሕልሙ የላኪው ነው። ታምራት ተመልሶ በ1920ዎቹ አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መራ። ጣልያን አገሩን ሲይዝ ተሰደደ፣ ከነፃነት በኋላ ደግሞ መንግሥት ፈለገው። ቋንቋ የሚያውቅ የተማረ ሰው በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ከዚያው ትውልድ ታደሰ ያዕቆብ በገንዘብ ሚኒስቴር እስከ ምክትል ሚኒስትርነት ደርሷል። ለወገን መምህርነት የታሰበው ትምህርት ለአገር አስተዳደር ዋለ ማለት ነው። ዮና ቦጋለ በተቃራኒው ነው የሄደው፤ የወለቃ ልጅ ነው፣ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምሯል፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ነበር፤ በ1950ዎቹ ግን ያንን ትቶ የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤቶችን ወደ ማደራጀቱ ዞረ። በ1979 እስራኤል ገባ። እኛን የሚስበን ይህኛው ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም የተሰጠውን ሕልም ሌላ ነገር ከሞከረ በኋላ ተመልሶ ራሱ መርጦታል።

በ1955 ሶኽኑት 12 ልጆች ራዓናና አጠገብ ወዳለው ወደ ክፋር ባትያ አመጣ። በሚቀጥለው ዓመት 15 ተጨመሩ። ስለ እነዚህ 27 ልጆች በየቤታችን ብዙ ተብሏል፣ ግን ሲጓዙ የተነገራቸውን ማሰብ ያስፈልጋል። ዖሊም ሆነው አይደለም የመጡት። ያኔ እስራኤል ለቤተ እስራኤል በሯን አልከፈተችም፤ የረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ውሳኔ በ1973፣ የመንግሥቱ ውሳኔ በ1975 ነው የመጣው። ልጆቹ የመጡት ዕብራይስጥ ተምረው፣ ወደ መንደር ተመልሰው እንዲያስተምሩ ነው። ኪቡጽ አዩ፣ ባሕር አዩ፣ ከዚያ አብዛኞቹ ተመለሱ። ሲመለሱ ደግሞ የሶኽኑት በጀት ተቆረጠ፣ ከትምህርት ቤቶቹ አብዛኞቹ ተዘጉ። በአሥራዎቹ ዕድሜ መምህር ትሆናለህ ተብሎ ሠልጥኖ፣ ክፍሉ ሲዘጋ ምን ይደረጋል? የመንግሥት ሥራ የገቡ አሉ፣ ሌላ ትምህርት የቀጠሉ አሉ። ነገር ግን ዕብራይስጣቸው አልጠፋም። ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ እስራኤል የሚወስደው መንገድ ሲከፈት፣ ሕዝቡን በማደራጀትም በማውጣትም ከመሪዎቹ መካከል የክፋር ባትያ ልጆች ነበሩ። ላኪዎቻቸው በ1955 ይህን አላሰቡትም።

በ1975 የደርግ የመሬት አዋጅ ወጣ፤ ቤተ እስራኤል ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ መሬት አገኙ። ከጎረቤት ጋር ጠብ ቢያመጣም ብዙዎቹ ገበሬ ሆኑ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ጉዞው ተጀመረ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰው ገባ፤ ግንቦት 24 እና 25፣ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ። እዚህ ደርሰው «ሙያህ ምንድን ነው?» ሲባሉ ብዙዎቹ «ገበሬ» አሉ። ብዙዎቻችን ከቤታችን የሰማነው ይህንን ነው። ቀጥቃጭ ነኝ ማለት በአገር ቤት የሚያሰድብ ነበር፣ እዚህም አፍ አያወጣውም። ሴቶቹማ ጭራሽ ሙያ እንዳላቸው አልቆጠሩትም፤ ሸክላው፣ ስፌቱ፣ ፈትሉ የቤት ሥራ ነው ተባለ።

ልጆቹ ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። ከሙሴ ዘመቻ በኋላ ከመጡት ጎረምሶች አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሙሉ ባግሩት ወደማይሰጥ የሙያ ክፍል ተመደቡ። ብረታ ብረት፣ አናጢነት፣ ስፌት። አስተማሪው «ለእነዚህ ልጆች የሚመጥነው ይህ ነው» ብሎ ሲወስን፣ የልጁ አያት ብረት በማቅለጥ የታወቀ ባለሙያ መሆኑን አያውቅም። ልጁም አይናገርም። አያቱ በሥራው ያፈረው ጎረቤት ቡዳ ስላለው ነው፤ ልጁ ያፈረው ደግሞ በሚቀጥለው ክፍል ያሉት ሒሳብ 5 ነጥብ ሲማሩ እሱ ብየዳ በመመደቡ ነው። ብየዳ መጥፎ ሥራ ሆኖ አይደለም፤ ጎበዝ በያጅ በዚህ አገር ደህና ይበላል። ቅሬታው ያልተጠየቀ ሰው ቅሬታ ነው። አባቶቻችንና ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ስለዚህ ሲያነሡ ድምፃቸው ይቀየራል።

ማንም ያላቀደልን አንድ ሥራ ግን ነበረ። ሕፃናቱ ዕብራይስጥ ቶሎ ስለለመዱ በኩፓት ሖሊም፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት ለወላጆቻቸው ተርጓሚ ሆኑ። አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ለሐኪም የአያቷን ሕመም ታስረዳለች። «ልቤ ወረደ» ወይም «ሆዴ ተቃጠለ» የሚለውን ቃል በቃል ብትተረጉመው ሐኪሙ ስለ ሌላ በሽታ ያስባል። ከባድ ሸክም ነው፣ ለልጅ የሚገባም አልነበረም። በ1990ዎቹ ግን ከዚህ ውስጥ አንድ እውነተኛ ሙያ ወጣ፣ ሜጋሸር የሚባለው። ቋንቋን ብቻ ሳይሆን ልማድን የሚያስታርቅ ሰው። ዛሬ ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ መምህርት ከሆኑት እህቶቻችን መካከል ሥራቸውን መቼ እንደመረጡ ሲጠየቁ ወደዚያ የሚመለሱ አሉ። ቢሮ ከመቀጠራቸው ብዙ ዓመት በፊት ሥራውን ይሠሩት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችንም ስለምናውቀው አናራዝም። በ1996 የመጀመሪያው የክነሴት አባል፣ በ2012 አዲስ አበባ የሄደችው አምባሳደር በላይነሽ ዘቫድያ፣ በ2016 ሁለት ሴት ዳኞች፣ በ2020 ደግሞ በሙሴ ዘመቻ በሕፃንነቷ የመጣችው ፕኒና ታማኖ ሻታ ሚኒስትር ሆነች። የእነዚህ ሰዎች ፎቶ በየማኅበሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ጥሩ ነው። ብቻ «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል በእኛ ዕድሜ ላሉት ትንሽ ይከብዳል። ጋራዥ መክፈት የሚፈልግ፣ የአፀደ ሕፃናት መምህርት መሆን የምትፈልግ ጓደኛችን ማንንም «የመጀመሪያ» አይሆኑም፤ በሰርግ ላይ ሲጠየቁም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚመልሱት። አያት ሥራውን ደብቆ ነበር፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ ምኞቱን ይደብቃል።

በዚህ ዓመት በማኅበራችን አንድ ነገር ጀምረናል። እያንዳንዳችን ከአያቶቻችን አንዱን ስለ ምኞት ሳይሆን ስለ ሥራ እንጠይቃለን፦ ምን ይሠሩ ነበር፣ ማን አስተማረዎ፣ በምን ይሸጡት ነበር? አንዳንዶቹ ለመናገር ጊዜ ይወስድባቸዋል። የሜካኒካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ጓደኛችን አያቱ ቀጥቃጭ እንደነበሩ የሰማው በዚህ ምክንያት ነው። «አባባ፣ ብረቱ በቂ መጋሉን በምን ያውቁ ነበር?» አላቸው። «በቀለሙ ነዋ ልጄ» አሉት፤ ማረሻ ለመሳብ ምን ዓይነት ቀይ፣ ብረት ከብረት ለማጣበቅ ምን ዓይነት ነጭ እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ ነገሩት፤ ለዚህም ሲባል ቤቱን ጨለማ ያደርጉት እንደነበር ጨመሩለት። ልጁ በዚያው ሳምንት ስለ ብረት ሙቀትና ቀለም የሚማርበት ደብተር በቦርሳው ውስጥ ነበረ። አውጥቶ ሠንጠረዡን አሳያቸው። ዕብራይስጡን አላነበቡትም፤ ቀለሞቹን ግን በጣታቸው እየተከተሉ አዩና አንዱ ላይ ቆም ብለው፣ «ይሄ አይደለም፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ማውጣት» አሉት።