በአስገዳጅ መሰወር (ኮተቤና የቦሌ መንገድ)

በአስገዳጅ መሰወር ሰው በመንግሥት እጅ ወይም በመንግሥት ይሁንታ ከተያዘ በኋላ መያዙ የሚካድበት፣ ያለበትም ስፍራ ከቤተሰቡ የሚሰወርበት ወንጀል ነው። በደርግ ዘመን ለልጇ ስንቅ የምታመላልስ እናት ክፉ ነገር መድረሱን የምትረዳው አገልግሉ ከእስር ቤቱ በር ሲመለስባት ነበር፤ ሞቱም ላልተረጋገጠ ሰው ፍትሐት ማስፈታት፣ ተዝካርም ማውጣት ስለማይቻላት፣ በደሉ ከግድያው የሚያንስ አልነበረም።

የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስሰው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ከተቋቋመ በኋላ፣ በገዛ አገሩ የተሰወሩትን ዐፅም በመፈለግ የተካነው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በኮተቤ፣ የጅምላ መቃብር በከፈተ ጊዜ፣ በዐፅሞች አንገት ላይ የናይሎን ገመድ ተገኘ፤ ታንቀው መሞታቸውንም ገመዱ ራሱ መሰከረ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በአስገዳጅ የመሰወር ወንጀል በይርጋ እንዳይታገድ፣ በምሕረትም እንዳይታለፍ ደንግጓል። የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ተጠልለው ሳሉ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ፤ በአገር ውስጥ ታስረው በነበሩት የደርግ ባለሥልጣናት ላይ በ2000 ዓ.ም. የተወሰነው የሞት ፍርድ ግን በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የቦሌ መንገድ ከመስቀል አደባባይ በሚነሣበት ስፍራ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከመቃብር የወጡትን ዐፅሞች ይዟል።

የተባበሩት መንግሥታት ሰዎችን ከመሰወር የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀው በዚያው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ግን እስካሁን አባል አልሆነችም።