እንጀራ አልወርድ ሲል

ከጉና ተራራ ሥር የመጣ አንድ ገበሬ «መቼ ጀመረዎት?» ተብሎ ቢጠየቅ በበዓል ይቆጥራል። በመስቀል ቆሎ ተወ፤ በጥምቀት ደረቅ እንጀራ አልወርድ አለው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሽሮውን አቅጥኖ መጠጣት ጀመረ፤ ለፋሲካ ሥጋ ቀረበለት፣ ማላመጥ እንጂ መዋጥ አልቻለም። የምግብ ቧንቧ ካንሰርን እንዲህ አድርጎ በቅደም ተከተል የሚነግር ሌላ መዝገብ አላውቅም። ቧንቧው የሚለጠጥ ስለሆነ እብጠቱ በጣም እስኪያጠበው ድረስ ሰውየው ብዙ አይሰማውም፤ ሲሰማውም ምግቡን እያላላ ይሸሸዋል። አጥሚት አለ፣ ተልባ አለ፣ ጠላ አለ። መክሳቱም በጾም ይመካኛል።

ስሙም አያግዝም። ነቀርሳ ስንል የሳንባውንም በሽታ ካንሰሩንም ጠርተንበታል። «ጉሮሮ» ደግሞ ከአፍ እስከ ጨጓራ ያለውን ሁሉ ይጠቀልላል። ስለዚህ «አባየ ጉሮሮውን ይዞታል» ሲባል አንዱ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ ይላል፣ ሌላው ጠበል ይጠቁማል። በጠበሉ ላይ ክርክር የለኝም፤ ጠበል የሚጠጣ ሰው ሐኪም ቤትም መሄድ ይችላል። እንጥል ማስቆረጡ ግን ደም፣ ኪሳራና የባከነ ወር ነው። ካንሰሩ ያለው ከእንጥል በታች፣ ደረት ውስጥ ነውና።

ደረት ውስጥ ያለውን ማየት ለዓለምም ቀላል አልነበረም። በ12ኛው መቶ ዓመት የአንዳሉሲያው ሐኪም ኢብን ዙህር በሽታውን ገልጾ ጽፏል፤ መፈወሻ ግን አልነበረውም። በሽታውን በዐይን የማየቱ ሙከራ የመጣው ከጉና አቅራቢያ ያለችው የደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር በምታውቀው ዘመን ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። ከአውሮፓውያኑ ሠራተኞች ብዙዎቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ሞቱ። በዚያው በፈረንጆች 1868፣ ከባዝል ብዙም በማትርቀው የጀርመኗ ፍራይቡርግ፣ አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ሐኪም ሰይፍ በመዋጥ የሚተዳደር ትርኢተኛ አስጠርቶ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ አስዋጠው። ብርሃኑ ደካማ ስለነበር ብዙ አላየም። ያው አካባቢ ለጋፋት የመድፍ አፍ የሚቀርጽ ሰው፣ ወደ ጉሮሮ ደግሞ ቱቦ የሚልክ ሐኪም ማፍራቱ ይገርመኛል፤ ምንም ዝምድና ባይኖራቸውም። የሚታጠፈውና በመስታወት ክር የሚያሳየው ኢንዶስኮፕ የተሠራው ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ነው።

ቀዶ ሕክምናውም እንዲሁ በዝግታ ነው የመጣ። እ.ኤ.አ. በ1913 ፍራንዝ ቶሬክ ኒውዮርክ ላይ የአንዲት የ67 ዓመት ሴት የደረት ቧንቧ ከነካንሰሩ ቆርጦ አወጣ። ሴትዮዋ ከአንገቷ ወደ ጨጓራዋ በውጭ በኩል በተዘረጋ የላስቲክ ቱቦ እየበላች ከ10 ዓመት በላይ ኖረች። ዛሬ ጨጓራውን ወደ ላይ ስቦ ከተረፈው ቧንቧ ጋር ማገናኘት የተለመደ ነው፤ ከባድነቱ ግን አልቀረም።

መንስኤውን በተመለከተ፣ ምዕራባውያን አገሮች አሁን በብዛት የሚያዩት ከቃርና ከውፍረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት ነው። የእኛው ሌላ ነው፤ ከቧንቧው የውስጥ ልባስ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የሚነሳ፣ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በምሥራቁ የአህጉሩ ጎን ተዘርግቶ የሚገኝ። በአገራችን ስሙ ጎልቶ የሚነሳው አርሲና ባሌ ነው። ትምባሆና አልኮል የታወቁ ምክንያቶች ናቸው፤ ስለዚህ አረቄ ነፃ አይወጣም። በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ጋር መደበ። ቡናው ራሱ አይደለም፣ ትኩሳቱ እንጂ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላባት በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ከጀበና ወርዶ ወዲያው ለሚጠጣው አቦል ከበቂ በላይ ነው። ስለ ደቡብ ጎንደር ቁጥር ግን አልናገርም። በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የሚቆጥረው የከተማይቱን ነዋሪ እንጂ የጉናን ገበሬ አይደለም።

በሽታው የሚረጋገጠው በኢንዶስኮፒ ታይቶ ከእብጠቱ ናሙና ሲወሰድ ነው፤ ቀጥሎ የት ድረስ እንደሄደ በሲቲ ስካን ይታያል። በጊዜ ለተደረሰበት፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒና ጨረር መስጠት ዕድሜ ይጨምራል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሮስ የተባለ የኔዘርላንድስ ጥናት እንዲህ የታከሙት ግማሾቹ 49 ወር ሲኖሩ በቀዶ ሕክምና ብቻ የታከሙት ግማሾቹ 24 ወር መኖራቸውን አሳይቷል። ጨረሩ 23 ጊዜ፣ በአምስት ሳምንት ነው የሚሰጠው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብድ። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጥቁር አንበሳ የገባው የጨረር ሕክምና ከ20 ዓመት በላይ ለአገሩ ብቸኛው ሆኖ ቆየ። ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለ23 ቀን ጨረር ማን ያሳድረዋል? በሬው ይሸጥ? ጨረር አሁን ጅማን ወደመሳሰሉ ከተሞች ወጥቷል፤ ወረፋው ግን አልጠፋም።

አብዛኛው ሰው የሚደርሰው ቀዶ ሕክምናው ካለፈው በኋላ ነው። ያኔም የሚደረግለት አለ። በኬንያ ቦሜት የሚገኘው ተንወክ ሆስፒታል በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሕሙማን በጠበበው ቦታ ላይ ራሱን የሚከፍት የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንት፣ አስገብቷል። ካንሰሩን አያድንም፤ መንገዱን ይከፍታል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ እንጀራውን በወጥ አርሶ፣ ትንሽ ትንሽ እያላመጠ፣ በላዩ ውሃ እየተጎነጨ ይበላል።