የካራማራ አቀበትና የሞተር ትንፋሽ

ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅጅጋ የሚመጣ የጭነት መኪና ከባሕር ጠረፍ እስከ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከጠረፉ አየር በመቶ 15 ያህል ይሳሳል። ወደ ሐረር ለማለፍ ደግሞ የካራማራ አቀበት ይጠብቀዋል። አሽከርካሪው «ሞተሩ ደከመ» ቢል አይፈረድበትም፤ ይሁን እንጂ ሞተሩ አልታመመም፤ የሚተነፍሰው አየር አነሰው እንጂ።

ይህ መንገድ የሞተርን ጉልበት ሲፈትን የኖረ ነው። በ1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ከደቡብ በመኪና ገሥግሦ ጅጅጋን ያዘ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የናይጄሪያ ብርጌድ ከሞቃዲሾ ጅጅጋ ድረስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በ17 ቀን ተጉዞ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በካራማራ የማርዳን ማለፊያ አስለቀቀ። የእነዚያ የጭነት መኪናዎች ሞተር በራሱ ስበት ብቻ የሚተነፍስ ነበር። ወራሪው ቢወጣም ቴስታታ፣ ብሮንዚን፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት በጋራዦቻችን ቀርተዋል።

መድኃኒቱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ታስቦ ነበር። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ በጭስ የሚባክነውን ኃይል አየር ለማመቅ የሚያውል ፈጠራውን በ1905 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ፈተነ። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ተራራው የነጠቀውን ቱርቦው መለሰ ማለት ነው።

በአገራችን «ኤንትሬ» እየተባለ የሚታወቀው ፊያት 682 ያለ ቱርቦ ዘመናትን ጭኖ ኖረ። ቱርቦ ያላቸው መኪናዎች ከመጡ ወዲህ ግን አዲስ ፈተና ተከተለ፤ ይኸውም ጉልበት ለመጨመር ሲባል የናፍታ ፓምፑን ልክ ከፍ ማድረግ ነው። አየር ሳይጨመር የተጨመረ ናፍታ ጥቁር ጭስና ሙቀት እንጂ ጉልበት አይሆንም፤ መጨረሻውም የቀለጠ ፒስቶን፣ የተሰነጠቀ ቴስታታና አቀበት ላይ ከነጭነቱ የቆመ መኪና ነው።

ስለዚህ ባለሙያው ፓምፑን ከመንካቱ በፊት ትንፋሹን ይመርምር። የጅጅጋ ሜዳ አቧራ ፊልትሮውን ደፍኖት፣ ወይም ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ጎማ ተቀዶ ይሆናል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችል፣ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ዘይቱ ንጹሕ ይሁን፤ አሽከርካሪውም አቀበቱን እንደ ጨረሰ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፋ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ያቆየው።

ቡሂም ሆነ ሞስ ያስተማሩን አንድ ነገር ነው፤ ጉልበት የሚጀምረው ከአየር ነው። ይህን የዘነጋ መካኒክ የደንበኛውን እንጀራ በአቀበቱ ላይ ያቃጥላል።